የላሟን ጭራ የያዘው ሰው

ኦሊቭ ካችፖል ካሜራውን የተቀበለችው ፎቶ ማንሳት ስለምትወድ አልነበረም። ስለምትፈራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማርልፎርድ የሴቶች ማኅበር ጥር ላይ በመንደሩ አዳራሽ ተሰብስቦ፣ አሮጌው ነገር ሁሉ ተጠራርጎ ከመሄዱ በፊት የመንደሩን የአንድ ዓመት ኑሮ በፎቶ እንያዝና በትልቅ ደብተር ላይ እንለጥፍ ብሎ ወሰነ። የተሰጣው ልብስ፣ የዳቦው መኪና፣ አዲሱ የመብራት ምሰሶ፣ የሚፈርሰው ጎተራ፣ ሁሉም ይነሣ ተባለ። ማን ያንሣ ሲባል ግን እጅ የሚያወጣ ጠፋ። በዚያ አገር ሰው ለመታየት ቸኮለ እንዳይባል ይፈራል፤ ሦስት ጊዜ ካልለመኑት ቁራሽ ኬክ እንኳ አያነሣም። ኦሊቭ ግን ማንም ሳይለምናት ከመጨረሻው ወንበር እጇን አወጣች። የማኅበሩ ሊቀ መንበርና የባለ እርሻው ሚስት ሚስስ ፔቲፈር ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። ኦሊቭ በሃያ ዓመት ውስጥ በስብሰባ ላይ አፏን የከፈተችው ሻይ ቀርቧል ለማለት ብቻ ነበር።

"እኔ መቼም በእግሬ ስዞር ነው የምውለው" አለች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

ሚስስ ፔቲፈር የገዛ ካሜራቸውን አዋሷት። አንድ ሕግ ብቻ አወጡላት፤ ሰውን ተዘጋጅ ሳትይ፣ እንዳለ አንሺው አሏት።

ኦሊቭ ካሜራ የፈለገችው መንደሩን ለመሰለል ነው። ባሏ ዊልፍ ዕውር ነው። ይህን ከእሷ በቀር ሰው እንዳያውቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች።

ዊልፍ የሚስተር ፔቲፈርን ሠላሳ ሁለት ላሞች የሚያልብ ሰው ነው። በረዶው እስከ መስኮት በደረሰበት በዚያ ክፉ ክረምት እይታው ከዳር ከዳሩ መጥበብ ጀመረ፤ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ሰው ሆነ፤ ቀጥሎ ቀዳዳውም ተደፈነ። ማንም ወደማያውቃቸው ሩቅ ከተማ ተደብቀው ሄደው ሐኪም አዩ፤ ሐኪሙ ዘግይታችኋል ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ዊልፍ የሚያየው በእጁ፣ በእግሩና በጆሮው ነው። ሠላሳ ዓመት የረገጠው መሬት ስለሆነ እያንዳንዷን ድንጋይ ያውቃታል። ላሞቹን በአተነፋፈሳቸው ይለያቸዋል፤ የትኛዋ እንደምትራገጥና የትኛዋ እንደምታኮርፍ ከማንም በላይ ያውቃል። ማርልፎርድ ውስጥ ዊልፍ ዕውር አይደለም። ከማርልፎርድ የወጣ ዕለት ግን ያን ጊዜ ዕውር ነው።

ጭንቁ ቤቱ ነው። የሚኖሩበት ቤት የሚስተር ፔቲፈር ነው፤ ከሥራው ጋር የተሰጠ ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። የመንደሩ ግማሽ የሚኖረው በዚህ ዓይነት ነው። ጋሪ ነጂው ሊንግ ዳሌው የተሰበረ ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቁም ሣጥኑ መንገድ ላይ ቆሞ ዝናብ ሲወርድበት ኦሊቭ በዓይኗ አይታለች። አሁን ሊንግ ከተማ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ በመስኮት ተቀምጦ መኪና ሲቆጥር ይውላል አሉ። ዊልፍ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ሊቆጥር ነው? ኦሊቭ ይህን ጥያቄ ከራሷ ማውጣት አልቻለችም። ስትበላም ይመጣባታል፣ ልብስ ስታሰጣም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስትዘምርም።

መንደሩ ደግሞ በዚያ ዓመት አርፎ አልቀመጥ አለ። ዛሬ ምሰሶ ይተከላል፣ ነገ የመንገዱ ጠርዝ ተነቅሎ በሲሚንቶ ይሠራል፣ ከነገ ወዲያ የስልኩ ሣጥን ከዚህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ይሻገራል። ሌላው ሰው ሥልጣኔ መጣ ይላል፤ ለኦሊቭ ግን እያንዳንዱ አዲስ ነገር ባሏ ተጋጭቶ የሚጋለጥበት ነገር ነው። ባዶ እጇን መሐል መንገድ ላይ እርምጃ ስትቆጥር ብትታይ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ይባላል። ካሜራ የያዘች ሴት ግን የትም ብትገተር ጠያቂ የላትም። እናም ጠዋት ትወጣለች፤ ምሰሶውን ፎቶ ታነሣለች፤ ከአጥሩ እስከ ምሰሶው ትለካለች፤ ቤት ገብታ ለዊልፍ ታስጠናዋለች።

"ከውኃው ቧንቧ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠዋል" ትለዋለች። "ከቧንቧው ሰባት እርምጃ፣ በግራ በኩል።"

"ማን እንዲቀመጥበት?"

"ለሽማግሌዎች ነው አሉ።"

"ጉልበቱ ካልተሰበረ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም፤ መጀመሪያ ይሰብሩና ከዚያ ያስቀምጡታል በይኛ" ይላል ዊልፍ፣ ይስቃል።

ዊልፍ ሁሌም ይስቃል። ፍርሃቱን ጠቅልሎ ለእሷ ሰጥቷት እሱ ላሞቹን እያነጋገረ ይኖራል። አንዳንድ ቀን በዚህ ትናደድበታለች፤ አንድ ቀን እንኳ እሱ ፈርቶ እሷ ብትስቅ ምን ነበረበት ትላለች።

የሚገርመው ግን፣ እንዲህ ለስለላ የያዘችውን ካሜራ ሳታስበው ወደደችው። የዳቦ ሻጩን ፈገግታ፣ የተሰጣ አንሶላ ሲነፋ፣ አሮጊቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ደግፈው ሲሮጡ፣ ሁሉንም ታነሣ ጀመር። አንሥታ ስትጨርስ ራሷን እያፏጨች ታገኘዋለች። ጉድ የሠራትም ይኸው ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ ጉም ሜዳውን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ ኦሊቭ በላሞቹ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ላሞቹ ከግጦሽ ወደ በረት ይመጣሉ። ከፊት ፕሪምሮዝ የምትባለው ቀይዋ ላም ናት፤ ከኋላዋ ዊልፍ ቀና ብሎ፣ ኮቱ በጉም ረጥቦ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ይራመዳል። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ያገባት ጊዜ የነበረው መልክ ድንገት ተመልሶ ፊቱ ላይ ቁጭ አለ። ኦሊቭ ሳታስብ ካሜራውን አነሣችና ተጫነችው። የፊልሙ መጨረሻ ነበር። አውጥታ ጠቀለለችና ፖስታ ቤት ወስዳ ለፍሎሪ ስታናርድ ሰጠቻት፤ ከፖስታ ቤቱ በመኪና ወደ ከተማ ይሄዳል፣ እዚያ መድኃኒት ቤቱ ያጥበዋል። ወደ ቤቷ ስትመለስ ያ አራተኛ ፎቅ ትዝ አላላትም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሳትፈራ ያሳለፈችው የመጀመሪያው ሰዓት ያ ነበር።

ምሳ ላይ ዳቦና አይብ አቀረበችና ለዊልፍ ነገረችው።

"ዛሬ አንተን አነሣሁህ። አምሮብህ ነበር።"

"ምን ስሠራ?"

"ላሞቹን ስታመጣ። ፕሪምሮዝን ይዘህ።"

ዊልፍ ማላመጡን አቆመ። "ምኗን ይዤ?"

ኦሊቭ ክው አለች። የያዘችው ቢላዋ ከሳህኑ ጋር ተጋጭቶ ጮኸ። የያዘው ጭራዋን ነዋ! ላም የሚነዳ ሰው ዱላ ይዞ ከኋላ ይሄዳል፤ የላም ጭራ ይዞ የሚሄደው ላሟ የምትመራው ሰው ነው። ዊልፍ ከግጦሽ እስከ በረት ያለውን ገላጣ ሜዳ የሚያቋርጠው እንደዚያ ነው፤ እዚያ ላይ አጥር የለ፣ ግድግዳ የለ፣ የሚዳስሰው የለም። በማለዳ፣ መንደሩ ሳይነሣ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ማንም አያየውም። ኦሊቭ ግን በየቀኑ ስለምታየው ማየት ትታ ነበር። ዕውሩ ዊልፍ ነው፤ ያላየችው ግን እሷ ናት።

ባርኔጣዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ ፖስታ ቤት በረረች። መኪናው ሄዷል። ፍሎሪ ስታናርድ ምላሷ ከያዘችው ማኅተም የሚፈጥን ሴት ናት፤ በመስኮቱ በኩል ዐየት አድርጋት፣ "ምነው? ዊልፍን ላም ዋጠችው እንዴ?" አለቻት።

"አንድ ፎቶ የተበላሸብኝ መሰለኝ።"

"ከተበላሸ ሲታጠብ ይታያላ። ሰው ለተበላሸ ፎቶ እንዲህ ይነጣል?"

ኦሊቭ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አውቶቡስ ወደ ከተማ የሚሄደው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። እስከ ሐሙስ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈችው እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። መድኃኒት ቤቱ ደርሳ፣ በልመና ድምፅ፣ ከማርልፎርድ የመጣው ፊልም የእኔ ነው፣ ፎቶዎቹን እዚሁ ልቀበል አለች። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰው በትሕትና መዝገቡን ገልብጦ፣ በሚስስ ፔቲፈር ትእዛዝ ትናንት በፖስታ ወደ ቤታቸው ተልኳል አላት። ኦሊቭ ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። ሰውየው ውኃ ላምጣልሽ አላት። አመሰግናለሁ፣ ምንም አልሆንኩም አለች። በዚያ አገር ሰው ቤቱ እየተቃጠለም ምንም አልሆንኩም ይላል።

የመለጠፊያው ቀን ደረሰ። ዘጠኝ ሴቶች በሚስስ ፔቲፈር የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ሙጫ፣ መቀስ፣ ሻይና የከሙን ኬክ ቀረበ። ኦሊቭ ቀድማ የመጣችው ፎቶውን ለመስረቅ ነበር። በሕይወቷ መርፌ እንኳ ሰርቃ አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ መርጣ ለብሳለች። ሚስስ ፔቲፈር ግን ፎቶዎቹን ከማለዳ ጀምረው ደርድረዋቸው ነበር። የዊልፍ ፎቶ ከሁሉም በላይ ነው። ከሁሉም ያማረው እሱ ነው፤ ይኼ ደግሞ ሌላ መከራ። ጉሙ፣ ቀይዋ ላም፣ የዊልፍ ፊት፣ ጭራዋን የጨበጠው እጁ፣ አንድም ነገር አልደበዘዘም። ኦሊቭ እጇን ቀስ አድርጋ ዘረጋች።

"ቆዪ ኦሊቭ፣ ሙጫ ነክተሻል" አሉና ሚስስ ፔቲፈር ፎቶውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት። ለረጅም ጊዜ አዩት። "ዊልፍ የላሟን ጭራ የያዘው ለምንድን ነው?"

መቀሶቹ ቆሙ። ኦሊቭ የዘረጋችውን እጅ ወደ እጅጌዋ ሰበሰበች። አሁን ነው፣ አበቃ፣ ቁም ሣጥኑ ወጣ አለች በልቧ።

"የድሮ ልማድ ነዋ" አለች ፍሎሪ ስታናርድ፣ ከምትቆርጠው ወረቀት ቀና ሳትል። "አባቱም እንደዚያ ነበር። ጭራዋን የያዟት ላም ወተቷን አትደብቅም ይላሉ አሮጌዎቹ።"

"አያቴም ይሉ ነበር" አለች ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የምትመታው ሴት። ሌላይቱም ራሷን ነቀነቀች።

የዊልፍ አባት ጫማ ሰፊ ነበር። ላም ነክቶ አያውቅም፤ ላም ይፈራ ነበር። ፍሎሪም ይህን ታውቃለች፤ የልጅነት ጫማዋን የሰፋላት እሱ ነው። ስለዚህ ፍሎሪ ዋሽታለች፤ የዋሸችው ደግሞ ነገሩን ስለምታውቅ ነው። ኦሊቭ ተመስገን ማለት ሲገባት ይልቁን ቆሌዋ ተገፈፈ። የመንደሩን ወሬ ሁሉ በማኅተም እየመታች የምትልከው ሴት ምስጢሯን ይዛለች። ለምን ብላ ዋሸችልኝ? ምን ፈልጋ ነው? ዛሬ የሸፈነችልኝ ነገ ብታኮርፈኝ ምን ይውጠኛል? ይህን እያሰበች አንድ ኬክ እንኳ ሳትውጥ ዋለች።

ሚስስ ፔቲፈር ደግሞ ፊታቸው በራ። እየጠፋ ያለ ልማድ ማለት ይህ ነው፣ ደብተሩ የተጀመረው ለዚህ አይደለም ወይ አሉ። ፎቶውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ለጠፉት፤ በገዛ እጃቸውም ሥሩ ላይ "በማርልፎርድ ላም የመምራት ጥንታዊ ልማድ" ብለው ጻፉበት። ይህም አልበቃ ብሏቸው ለአውራጃው ጋዜጣ ስልክ ደወሉ። ጋዜጠኛ ይመጣል፤ ዊልፍ ልማዱን በሰው ፊት ያሳያል ተባለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው።

ዊልፍ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "ስንት ዓመት ስሠራ ኖሬ ሰው መሆኔን ያወቀልኝ አልነበረም፤ ጭራ ብይዝ ጥንታዊ ልማድ ሆንኩ!"

"አትሳቅ" አለችው። "አንተ ሰው፣ እኔ ልሞት ነው።"

ሳቁን አቆመ። እጇን ፈልጎ ያዘና ምን እናድርግ አላት። ያን ጊዜ አሰቡ፤ ሦስት ቀን ሙሉም ተለማመዱ። ኦሊቭ ከጋዜጠኛው ጎን ትቆማለች። ጉሮሮዋን በጠረገች ቁጥር ዊልፍ ወደ ድምፁ ይዞራል፤ ካሜራውን ያየ ይመስላል። አንዴ ብልጭ ካለ ነገሩ ያልቃል።

ሰኔ ላይ ጋዜጠኛው መጣ። ወጣት ነው፤ ጠባብ ሱሪ አድርጓል፣ ከታች ደግሞ የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ። ሴቶቹ የእሑድ ባርኔጣቸውን ደፍተው በግንቡ ጥግ ተሰልፈዋል። ሚስተር ፔቲፈር ፒፓቸውን ጎርሰው በሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ የሚናገሩት ይኑራቸው ይለቅባቸው አይታወቅም ይባልላቸዋል። ኦሊቭ ከጋዜጠኛው ጎን ተተከለች። ዊልፍ ከፕሪምሮዝ ኋላ ሆኖ ከሜዳው መጣ፤ ጭራዋን ይዟል፤ ጎልማሳ ሙሽራ መስሏል። ኦሊቭ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዊልፍ ዞረ፤ ፈገግ አለ። ጋዜጠኛው አንድ አነሣ።

"ግሩም ነው" አለ። "እዚያው ቁም ወዳጄ፣ አንድ ልድገም።"

ከዚያ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ በዚያ ድምፅ በሌለው ጫማው መንገዱን አቋርጦ፣ ማዶ ያለው የወተት በርሜል የሚቀመጥበት የድንጋይ መደብ ላይ ወጣ። ከላይ ሆኖ ሊያነሣ ፈልጎ ነው። ኦሊቭ ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች፤ ምን ብላ ትከተለዋለች? ዊልፍ ፈገግታውን ባዶው ቦታ ላይ፣ ቁጥቋጦው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ጋዜጠኛው ዓይኑን ካሜራው ላይ ደቅኖ፣ ወደዚህ ለማለት በሌላው እጁ ያወዛውዛል። ዊልፍ ለቁጥቋጦው ይስቃል። ጋዜጠኛው እጁን ይበልጥ ከፍ አድርጎ ያወዛውዛል። ዊልፍ አሁንም ለቁጥቋጦው ይስቃል፣ የዋህ ሳቅ፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይበት።

ጋዜጠኛው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሴቶቹ ዞረና ሳቀ። "ሽማግሌው ከጠዋቱ ቀማምሷል እንዴ?" አለ።

ኦሊቭ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራችው ሰው እንዳያውቅባት ነበር፤ በዊልፍ ላይ ሰው ሊስቅበት ይችላል ብላ ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም። እግሯ ራሱ ወሰዳት። መንገዱን አቋርጣ፣ ካሜራው ፊት ገብታ፣ የዊልፍን ፊት በሁለት እጇ ያዘችና ወደ መደቡ አዞረችው።

"እዚያ ነው የኔ ጌታ" አለችው ቀስ ብላ። "ድንጋዩ ላይ ወጥቷል።"

ጋዜጠኛው ዐይኑን አፈጠጠ። "አያይም እንዴ?"

ከሰልፉ መሐል ፍሎሪ ስታናርድ አፏን ስትከፍት ኦሊቭ አየቻት። አልጠበቀቻትም። ውሸት ሰልችቷታል፤ መፍራትም ሰልችቷታል።

"አያይም" አለች። "ሦስት ዓመቱ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋዜጠኛው ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አደረገ፤ ከመጣ ወዲህ አሁን ገና ዜና አገኘ። ሚስስ ፔቲፈር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሚስተር ፔቲፈር ፒፓቸውን ከአፋቸው አውጥተው ለብዙ ጊዜ አዩት፤ ጠፍቶ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ፔቲፈር ኦሊቭን ወደ ወተት ቤቱ አስጠሯት። ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ተቀመጪ አላሏትም፤ መቀመጫም አልነበረም።

"ባለፈው ዓመት ድርቆሽ ስንከምር ነው ያወቅኩት" አሉ። "መንሽ አቀበልኩት። መንሹ እዚህ ነው፣ እጁን የዘረጋው እዚያ።"

ኦሊቭ አንድ እርምጃ ቀረበቻቸው። "አውቀው ነው ዝም ያሉት?"

"አላየሁም ብዬ ወሰንኩ። የማለቢያ ማሽን ሻጩ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ከደጅ መለስኩት፤ በረቱ ከተቀየረ ዊልፍ መግቢያው ይጠፋበታል ብዬ። ያላየሁትን ማንም ሊጠይቀኝ አይችልም። ዛሬ ግን የገዛ ሚስቱ በሰው ሁሉና በጋዜጣ ፊት ነገረችኝ። በረት ውስጥ ኮርማ አለ፣ ኦሊቭ። ነገ ቢወጋው፣ እያወቅህ አስገባኸው ነው የምባለው።"

"ሳቁበት እኮ" አለች። ድምፅዋ የሕፃን ድምፅ ሆነባት።

"አይቻለሁ። ፍሎሪ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ጥቂት ብትታገሺ ኖሮ..." አልጨረሱትም።

"የምታውቀው ፍሎሪ ብቻ ናት?"

ሚስተር ፔቲፈር ግራ ገብቷቸው አዩዋት። "የማያውቅ አለ እንዴ? ቄሱ ዊልፍን መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር ከሩቅ የሚያዜመው ድምፁ ያማረ መስሎት ነው? ዳቦ ሻጩ ቆሞ እያለ ጡሩምባ የሚነፋው ለምን ይመስልሻል? ሁሉም ያውቃል። ከሚስቴ በቀር። እሷ መነጽሯን የምታደርገው ለማንበብ ብቻ ነው።"

ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። የማርልፎርድ ሰው ዝምታውን ሦስት ዓመት እንደ ብርድ ልብስ አልብሷቸው ኖሯል፤ እሷ ግን ከሥሩ ተኝታ ብርድ ብርድ ይላት ነበር። ኦሊቭ ይህን ስታስብ ሳቅም ልቅሶም መጣባት፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

"እስከ መስከረም መጨረሻ ጊዜ አላችሁ" አሉ ሚስተር ፔቲፈር፣ ጫማቸውን እያዩ። "ለሚመጣው ሰው ቤቱ ያስፈልገኛል። ሦስት ልጆች አሉት። ሌላ ቤት ቢኖረኝ..."

"አውቃለሁ፣ ጌታዬ።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ምንም አይደል" አለች ኦሊቭ። እንዲህ ነው የሚባለው፤ ሌላ የሚባል ነገር ማንም አላስተማራትም።

ዊልፍ በረቱ ደጃፍ ባልዲ እያጠበ አገኘችው። የእግሯን ድምፅ ሰምቶ ባልዲውን አስቀመጠ። ሳትደብቅ፣ ሳታሳምር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው።

"ሁሉም ያውቁ ነበር?" አለ።

"ሁሉም።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የተደበቅነው ከማን ነው?"

"ከሚስስ ፔቲፈር።"

አሁን ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም። እጁን በሱሪው ላይ አደራረቀ፤ ደርቆም ማደራረቁን አልተወም።

"የሚሰጡን ቤት" አለ፣ "ደረጃው ስንት ነው?"

"የትኛው ቤት?"

"ከተማው ውስጥ፣ እንደ ሊንግ የሚሰጡን። ደረጃው ስንት ነው? መውጫው በየት በኩል ነው? ሰው የሚሄድበትና መኪና የሚሄድበት በምን ይለያል?"

ኦሊቭ አታውቅም። ቀና ብላ አየችው። የዊልፍ ከንፈር ነጥቷል፤ ዓይኖቹ የማያዩት ነገር ላይ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ። ባሏ ፈርቷል። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ፈርቶ ያየችው ያን ዕለት ነው፤ ፍርሃትን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ብትሆንም፣ በእሱ ፊት ላይ ማየቱን ግን አልቻለችውም።

"እለካዋለሁ" አለችው። "ቀድሜ ሄጄ ሁሉንም እለካልሃለሁ።"

ክንዷን ሰጠችው። አልያዝም አላለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በመንደሩ ዋና መንገድ ወረዱ። ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ወጥቷል፤ አንዱ አበባ ያጠጣል፣ አንዱ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል፣ ምንም የሚጠረግ ነገር ሳይኖር። ቄሱ ከአጥሩ ውስጥ ባርኔጣቸውን አነሡ። ፍሎሪ ስታናርድ ከፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ያ ፈጣን ምላሷ የት እንደገባ እንጃ።

"ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ወጣችልን" አለች።

"ወጣችልን" አለች ኦሊቭ።

"ለድርቆሹ ጥሩ ነው" አለ ዊልፍ። ክንዷን አጥብቆ ያዘ። ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ።